ፋይሉ ከመሳቢያ ይውጣ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የባለጉዳዩ ጩኸት ነበር። ፍርድ የጎደለበት ሁሉ ከማለዳ እስከ ማታ ከቤተ መንግሥቱ ደጅና ከመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ፣ «ጃን ሆይ!» እያለ ይጣራል። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡን ብቸኝነት እንዳይሰማቸው፣ እየተከፈላቸው የሚጮሁ ሰዎች ይቆሙ እንደነበር ብሩስ ጽፏል።

እንዲህ ባለው አሠራር አቤቱታ በሕይወት የሚቆየው ባለቤቱ ደጅ ላይ እስከቆመ ድረስ ነው። ድምፁ የጎላው ይሰማል፤ የደከመው ወደ ቀዬው ይመለሳል።

ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጉና ተራራ ሥር የተቀመጠችው ደብረ ታቦር ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ከክምር ድንጋይ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከስማዳ ወገዳ የሚነሣ ባለጉዳይ ለመሬት፣ ለመብራት፣ ለጡረታ፣ ለሕክምና፣ ለይግባኝ ወደዚች ከተማ ይመጣል። አንዳንዱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ ይወርዳል፤ ከዚያ መኪና ይጠብቃል፤ ከተማ ሲደርስ አልጋ ይከራያል። ቢሮ ገብቶ የሚሰማቸውን መልሶች የማያውቅ አንባቢ አይኖርም፦ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይሉ እሱ ጋ ነው»።

ከእነዚህ ሁሉ ክፉው የመጨረሻው ነው። ስብሰባ ያልቃል፤ መስክ የወጣ ይመለሳል፤ ሲስተምም ይመጣል። «ፋይሉ እሱ ጋ ነው» ሲባል ግን ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤቱ እጅ ወጥቶ የአንድ ሰው የግል ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ሰውዬው ሲታመም ጉዳዩ አብሮት ይተኛል፤ ዓመት ፈቃድ ሲወጣ አብሮት ይወጣል፤ ዝውውር ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። አጠገቡ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ባልደረባ ልርዳ ቢል እንኳ፣ የሚረዳው ጉዳይ መኖሩን አያውቅም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የባለጉዳይ ጥያቄ ከተመዘገበባት ደቂቃ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ የጋራ ወረፋ ንብረት መሆን አለበት፤ ባለሙያ የሚረከበው ሊሠራበት ሲነሣ ብቻ፣ በስሙና በሰዓቱ ተፈርሞበት ነው፤ ካልሠራበት ወደ ወረፋው ይመለሳል። ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር ከተሠራ ቆይቷል። የጎደለው ሶፍትዌሩን የሚቀድመው ደንብ ነው።

የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ሲአርኤም፣ መጀመሪያ የተሠራው ለነጋዴ ነበር። ሻጩ ሥራ ሲለቅ የደንበኞቹን ስልክና ታሪክ በማስታወሻ ደብተሩ ይዞ እንዳይሄድ ኩባንያዎች መረጃውን በአንድ ቋት ማጠራቀም ፈለጉ። እነ ሲበል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ እነ ሴልስፎርስ ከ1999 ወዲህ በዚህ ገበያ ገነኑ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቋት የደንበኛን አቤቱታ ለመከታተልም ዋለ፤ የጋራ የሥራ ወረፋ የሚባለው ክፍል የጎለበተው በዚህ በኩል ነው።

አሠራሩ ግልጽ ነው። በሴልስፎርስ አንድ ጉዳይ ሲገባ የወረፋው ስም በባለቤትነት ይመዘገብበታል፤ ከወረፋው አባላት አንዱ ሲያነሣው ባለቤትነቱ ወደዚያ ሰው ይዞራል። በማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ ደግሞ የጉዳዩ ባለቤት በአንድ መስመር፣ «አሁን እየሠራበት ያለው» በሌላ መስመር ይጻፋል። ሁለቱ መለያየታቸው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነገር ነው። ኃላፊነቱ የክፍሉ ሆኖ ይቆያል፤ እጁን ያስገባው ሰው ደግሞ በስሙ ይታወቃል። ባለሙያው ስብሰባ ሊገባ ሲል ጉዳዩን ይለቀዋል፤ ጉዳዩም ተራውን ሳያጣ፣ እስካሁን የተጻፈበት ሁሉ ሳይጠፋ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይታያል።

የጉና አካባቢ ሰው ይህን አሠራር ከወፍጮ ቤት ያውቀዋል። አስፈጪዋ ጆንያዋን በተራ አስቀምጣ ገበያ ትሄዳለች፤ ተራውን የሚጠብቅላት ጆንያው ነው። ወፍጮው ሁለት ቢሆን ቀድሞ ባዶ የሆነው የሚቀጥለውን ጆንያ ያነሣል። ማንም «የእኔን የሚፈጨው የግራው ወፍጮ ነው» ብሎ ቀኙ ሥራ ፈትቶ ሳለ አይጠብቅም።

ነገሩ በስሌትም የታወቀ ነው። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ ሆኖ፣ ስንት መስመርና ስንት ሠራተኛ ቢኖር ደንበኛ ምን ያህል እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች አስልቷል። ስሌቱን ወደ ደብረ ታቦር እናምጣው። ሁለት ባለሙያዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጉዳይ በአማካይ በ12 ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ በእያንዳንዳቸው በር በሰዓት በአማካይ 4 ባለጉዳይ ይሰለፋል። ባለጉዳዩ ያለ ቀጠሮ በዘፈቀደ እንደሚመጣ፣ የጉዳዩም ክብደት እንደሚለያይ ተይዞ ሲሰላ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ወረፋ ሲሠሩ አማካይ ጥበቃው 48 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱን ወረፋዎች አንድ ስናደርጋቸው ወደ 21 ደቂቃ ይወርዳል። ሠራተኛ አልተቀጠረም፤ የማንም እጅ አልፈጠነም፤ ማንም ቀድሞ አልተነሣም። የቀረው ነገር ቢኖር በአንዱ በር ላይ ሰልፍ ሲረዝም በሌላው በር የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥም ይህ በየቀኑ ሲሠራ ይታያል። 994 ደውሎ ኢትዮ ቴሌኮምን የሚያናግር ሰው ትናንት ያነጋገረችው ሠራተኛ ዛሬ ሥራ ገብታ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ቀድሞ ነፃ የሆነው ሠራተኛ ጥሪውን ያነሣል። ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውስጥም «የየትኛው ሐኪም በሽተኛ ነህ?» የሚል የለም። በሽተኛው በጉዳቱ ክብደት ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ተብሎ ይለያል፤ ቀድሞ የመጣው ሳይሆን የባሰበት ይቀድማል፤ ተረኛው ያየዋል። የሆስፒታል ሊያዞን ክፍል ከጤና ጣቢያ የሚላከውን ሪፈርና ባዶውን አልጋ ሲያገናኝ የሚሠራው ያው የወረፋ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ የዳኛው አይደለም፤ የችሎቱ ነው። ቁጥር አለው፤ ቀጠሮ አለው፤ ዳኛው ቢዛወር የሚተካው ዳኛ መዝገቡን ከቆመበት ያነሣዋል። መደበኛ ችሎት በማይኖርበት ጊዜ ተረኛ ችሎት አለ። ተከራካሪው ስለ ቀጠሮ መብዛት ያማርር ይሆናል፤ በዚህም ብዙ ጊዜ እውነት አለው። መዝገቡ የት እንዳለ ግን ቁጥሩን ይዞ መዝገብ ቤት ሄዶ ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት በኮምፒውተር ሳይሆን በወረቀት የተገነባ ነው፤ ስለዚህ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ወይም አንድ የገቢዎች ቢሮ ኮምፒውተር ስለሌለው ጉዳይን በቁጥር መያዝ አልችልም ሊል አይገባም።

በእርግጥ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አለ፤ ገቢ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ኃላፊው ደብዳቤው ጥግ ላይ «ለአቶ እገሌ ይመራ» ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ ሥራውን ጨርሶ ስሙ ሥራ ይጀምራል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ መዝገብ ቤቱ የሚያውቀው ደብዳቤው ለእገሌ መተላለፉን ብቻ ነው። እገሌ ጋ ስንት ሌላ ደብዳቤ እንደተከመረ፣ የትኛው አራት ወር እንደሞላው፣ የትኛው ትናንት እንደገባ የሚያይ ዓይን የለም። ኃላፊው ራሳቸውም አያዩትም።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተዘረጋው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ይህን ለመፈወስ ሞክሮ ነበር። «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለው ማዕረግ የመጣው ያኔ ነው፤ በየግድግዳው «ይህ አገልግሎት የሚወስደው ጊዜ 20 ደቂቃ» የሚሉ ሰሌዳዎችም የተለጠፉት በዚያ መንፈስ ነው። ሰሌዳው የለካው ግን ባለሙያው ብዕሩን ካነሣ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ባለጉዳዩን የሚያደኸየው ብዕሩ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ነው፤ እሱን ማንም አልለካውም።

እሱን መለካት ደግሞ ከባድ አይደለም። የወረፋ ጥናት ሊቁ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በማስረጃ ያጸናው ሕግ አለ፦ በወረፋው ላይ ያለው የጉዳይ ብዛት በሳምንት ለሚጠናቀቀው ብዛት ሲካፈል አማካይ የመጠበቂያው ጊዜ ይወጣል። ለምሳሌ አንድ ጽሕፈት ቤት 120 ያላለቁ ማመልከቻዎች ኖረውት በሳምንት 15 የሚጨርስ ከሆነ፣ ዛሬ የሚገባው ገበሬ በአማካይ 8 ሳምንት ይጠብቃል። ይህን ለገበሬው በግልጽ መንገር ይቻላል። «ነገ ብቅ በል» ከማለት ይልቅ «ከስምንት ሳምንት በፊት አትድከም፤ ሲደርስ እንደውልልሃለን» ማለት ከአርብ ገበያ ለሚመጣ ሰው የስንት ጉዞ ገንዘብ እንደሚያድን ማሰብ ነው። ቁጥሩን ለማወቅ ግን የሁሉም ባለሙያ ጉዳይ በአንድ ዝርዝር ላይ መስፈር አለበት፤ በስድስት መሳቢያ የተበተነን ነገር የሚቆጥረው የለም።

ሶፍትዌሩን ሲያዘጋጁ የመጀመሪያው ስሕተት የሚሠራው ወረፋዎቹን በሰዎች ስም በመሰየም ነው። ወረፋ በሥራ ዓይነት ነው መቋቋም ያለበት። የመብራት ቆጣሪን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ2006 ዓ.ም. ከቀድሞው ኮርፖሬሽን ተለይቶ ቆሟል፤ ደንበኛ በ905 ያገኘዋል። አዲስ ቆጣሪ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ያስገባል፤ ቦታው ይታያል፤ የዕቃና የሥራ ግምት ይወጣል፤ ይከፈላል፤ ዕቃ ከመጋዘን ይወጣል፤ ቡድን ሄዶ ይተክላል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ወረፋ ቢኖረው፣ ጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀኑ በራሱ ይመዘገባል። ወር ሲያልቅ ሰዉን የሚያጉላላው የባለሙያ እጥረት ይሁን የዕቃ እጥረት ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። ቦታ ለማየት ሁለት ቀን ወስዶ ዕቃ ለማውጣት ሁለት ወር የሚወስድ ከሆነ፣ ባለሙያን በግምገማ ማሸማቀቅ ምን ይጠቅማል? መጋዘኑ ነው መታየት ያለበት።

ወረፋው በዛ ማለት ደግሞ ተሻለ ማለት አይደለም። አምስት ሠራተኛ ባለው ጽሕፈት ቤት አሥራ አምስት ወረፋ መክፈት መሳቢያውን በስክሪን ላይ መልሶ መሥራት ነው። ሁሉም መግቢያ፣ መስኮቱም ስልኩም ደብዳቤውም፣ ወደ አንድ ዝርዝር መውረድ አለበት፤ አለዚያ ስልክ የደወለው ለብቻ፣ በአካል የመጣው ለብቻ ይሰለፍና አንዱ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ሌላው ጭራሽ ይረሳል። ለእያንዳንዱ ወረፋ አንድ ተጠሪ ያስፈልጋል። ተጠሪው ጉዳዮቹን ሁሉ የሚሠራ ሰው አይደለም፤ በየጠዋቱ ዝርዝሩን ከፍቶ ከሁሉ የቆየውን የሚያይና «ይህ ለምን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

የጋራ ወረፋን የሚጠራጠሩ ሰዎች የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይሆንም ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ደንብ ሳይኖረው የተከፈተ የጋራ ወረፋ በርግጥም መጣያ ይሆናል፤ ሁሉም ሌላው ያነሣዋል ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ የባሰው ቀላሉን መልቀም ነው። አሥር ጉዳይ የተዘረዘረለት ባለሙያ የአምስት ደቂቃውን ያነሣል፤ ድንበር የተካረረበት የውርስ መሬት ከታች ይቀራል፤ በሪፖርት ላይ ባለሙያው ጎበዝ ይመስላል። መፍትሔው አለ፤ ባለሙያው ዝርዝሩን እያየ እንዲመርጥ አለመተው ነው። «ቀጣዩን» የሚል አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ሲስተሙ በተራና በተጻፈ የቅድሚያ ደንብ የሚገባውን ያወጣለታል። ያነሣውን ጉዳይ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልነካው ጉዳዩ ራሱ ወደ ወረፋው ይመለሳል፤ መመለሱም ይመዘገባል።

ሌላው አደጋ የውሸት መዝጋት ነው። ኮታ የተጣለበት ክፍል «ተጠናቋል» የሚለውን ቁልፍ ለመጫን ይቸኩላል። ቆጣሪው ሳይተከል፣ ካርታው ሳይወጣ ጉዳዩ በሲስተም ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ጉዳይ የሚዘጋው ለባለቤቱ በአጭር መልእክት ተነግሮት መሆን አለበት፤ አላለቀም ካለ ደግሞ ያው ቁጥር፣ ያው የመጀመሪያ ቀን ተይዞ ይከፈት እንጂ አዲስ ተብሎ ከኋላ አይሰለፍ። አንድ ጉዳይ ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ እንደተከፈተ የሚያሳይ ሲስተም ብዙ ያማሩ ሪፖርቶችን ያፈርሳል። ይፍረሱ።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። በጠረጴዛ ላይ የተከመረ ፋይል ሥልጣን ነው። የማን ጉዳይ ዛሬ እንደሚታይ፣ የማን ለሰኔ እንደሚያድር የሚወስን ሰው ይለመናል፤ ዘመድ ይፈለግለታል፤ እጅ መንሻ ይመጣለታል። አብዛኛው ሠራተኛ ይህን የሚፈልግ አይደለም፤ ብዙው በትንሽ ደመወዝ የሰው እንባ እያየ የሚደክም ነው፤ «ፋይሌን አንሣልኝ» እያለ ደጁን የሚያጨናንቀው ሰው ለእሱም ስቃይ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ሰውን ለልመናና ለምልጃ ከፍቶ እስካስቀመጠ ድረስ፣ በሥነ ምግባር ሥልጠና ብቻ ነገሩን መለወጥ አይቻልም። ጉዳዩ በጋራ ወረፋ ላይ ሲሆን ተራ የዘለለ ሰው በስሙና በሰዓቱ ይታያል፤ ለምን እንደዘለለ ምክንያት ካልጻፈ ሲስተሙ አያሳልፈውም። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሆስፒታልን ካጨለመ ይቅደም፤ የእገሌ የእኅት ልጅ ግን ተራውን ይጠብቅ።

ገንዘቡስ? የታወቁት የውጭ ሶፍትዌሮች በተጠቃሚ ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ያስከፍላሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ኪራይ ለአንድ ዞን መሥሪያ ቤት የሚዘለቅ አይደለም። ደግነቱ ሱትሲአርኤም፣ ኦኤስቲኬት፣ ዛማድ የሚባሉ የፈቃድ ክፍያ የሌላቸው፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ሲስተሞች አሉ። በአንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ተጭነው የአንድን ቢሮ ሥራ ይሸከማሉ። በአማርኛ መሰየምና ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጋር ማስማማት ሥራ ይጠይቃል፤ ግን ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ስሙን ያገኘው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካሠሩበት ከገፋት ነው። የመመረቂያ ሥራቸውን ለመደርደሪያ ከሚጽፉ ተማሪዎች ጥቂቶቹ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ገብተው አንድ ወረፋ ቢያቋቁሙ፣ ለአገራቸው ይጠቅማሉ፤ ለሙያቸውም በየትኛውም ክፍል ውስጥ የማያገኙትን ይማራሉ።

ስለ ኢንተርኔትም ዝም ማለት አይቻልም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መብራትም ይጠፋል። ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ የቆመ ወረፋ በዚህ ምድር አይጸናም። ሲስተሙ በቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ በውስጥ ኔትወርክ የሚሠራ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚቀጥለው ቁጥር የተጻፈበት የወረቀት መዝገብ ሊኖር ይገባል። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎች በሳተላይት ተገናኝተው ነበር። ወረዳ ድረስ የደረሰው መስመር ግን የገበሬውን ጉዳይ ተራ እንዲይዝለት የሚያደርግ ደንብ ይዞለት አልወረደም።

አሁንም ያው ስጋት አለ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት የበርካታ ተቋማትን መስኮት በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። መልካም ሥራ ነው፤ ሰው ከሕንፃ ሕንፃ መንከራተቱን ይቀንሳል። ይሁንና መስኮቱ ያማረ ሆኖ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጉዳይ ተመልሶ ወደ አንድ ሰው መሳቢያ ከገባ ልፋቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ባንኮቻችንን ማየት ይበቃል። ገንዘብ ለማውጣት የገባ ሰው ከማሽን ቁጥር ይቆርጣል፤ ተራው ሲደርስ ይጠራል። ብድር የጠየቀ ሰው ግን ማመልከቻው ከመስታወቱ ወዲያ ካለፈ በኋላ የሚቆርጠው ቁጥር የለም። እንዲህ ዓይነት ማዕከል ወደ ዞን ከተሞች ሲወርድ ከመስኮቱ በፊት የኋላው ወረፋ ይዘጋጅ።

የግብርናው ነገር ከሁሉ ያስቸኩላል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው በነፃ ደውሎ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ አድርጓል። በጉና አቀበት ድንች የሚተክል ገበሬ ማሳው ላይ ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ሲያይ ግን የተቀዳ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ በሽታው ማሳ ለመጨረስ ቀናት ይበቁታል። ጥያቄው በዚያው ዕለት ወደ ፋርጣ ወይም ወደ ጉና በጌምድር ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች የጋራ ወረፋ ወርዶ፣ መስክ ላይ ያልሆነው ባለሙያ ሊያነሣው ይገባል። ከአንድ ቀበሌ በሁለት ቀን አምስት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ወረርሽኝ መሆኑን ወረፋው ከሪፖርት በፊት ያሳያል። በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስልክ ውስጥ የሚቀር አምስት ጥሪ ይህን አያሳይም።

የመጨረሻው ጥንቃቄ የግላዊነት ነው። የጋራ ወረፋ ማለት ሁሉም ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። የበሽተኛን ሁኔታ የቆጣሪ ባለሙያ ሊያየው አይገባም፤ የባልና ሚስት ንብረት ክፍፍልም ለመላው ቢሮ የሚነበብ ወሬ መሆን የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው። ሲስተሞቹ የእያንዳንዱን ወረፋ አባላት ለይተው ይይዛሉ፤ ማን መቼ ምን እንደከፈተም ይጽፋሉ። በቁልፍ የማይዘጋ ካርቶን ውስጥ ከተከመረ የወረቀት ፋይል ይልቅ ለምስጢር የሚታመነው እንዲህ ያለው ነው።

የደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደርና የደብረ ታቦር ከተማ አስተዳደር ይህን ለመጀመር የአዲስ አበባን ፕሮጀክት መጠበቅ የለባቸውም። አንድ ቢሮ ይምረጡ፤ የገጠር መሬቱ ጽሕፈት ቤት ብዙ ባለጉዳይ ስላለው ይሻላል። ባለሙያዎቹን ሰብስበው የተራውንና የቅድሚያውን ደንብ ከእነሱው ጋር ይጻፉ፤ የየመሳቢያውን ፋይል አውጥተው በአንድ ዝርዝር ያስፍሩ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡ። በየሳምንቱ ሰኞ ሦስት ቁጥሮችን በር ላይ ይለጥፉ፦ ስንት ጉዳይ ቀረ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት አለቀ፣ ከሁሉ የቆየው ስንት ቀን ሆነው። ባለጉዳዩም ከእንግዲህ ቢሮ ሲገባ «እገሌ አለ?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ቁጥሬ ስንት ነው? ጉዳዬ ዛሬ በየትኛው ወረፋ ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።